ምዕራፍ 5፦ ሳይሰምጡ፣ ሳይንሳፈፉ

ባለፈው ምዕራፍ የዋሻ ጠላቂ አየሩን ለሦስት እንደሚከፍል አይተናል፦ አንድ እጅ ለመግቢያ፣ አንድ እጅ ለመውጫ፣ አንድ እጅ ደግሞ ላልታሰበ ችግር። ሒሳቡ ቀላል ቢሆንም የሚሠራው ጠላቂው ረግቶ ሲተነፍስ ብቻ ነው። ወለል ለወለል እየተጎተተ የሚሄድ፣ ከጣሪያ ጋር የሚላተም ወይም በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ትንፋሹ ይፈጥናል። ለመውጫ የመደበውን አየር ገና ወደ ውስጥ እየገባ ይነካዋል። አየር ቆጥቦ መጠቀም ማለት እንግዲህ፣ ከሁሉ በፊት፣ ውሃ ውስጥ ሳይሰምጡና ሳይንሳፈፉ፣ ሳይበርዳቸውም መቆየት ማለት ነው።

ለዚህ የሚያገለግሉ ሁለት ዕቃዎች አሉ። አንደኛው የጠላቂው ልብስ ነው። ሁለተኛው በጠላቂው ጀርባና በአየር ሲሊንደሮቹ መካከል የሚታሰር፣ እንደ አስፈላጊነቱ አየር የሚሞላና የሚተነፍስ ከረጢት ነው። ጠላቂዎች ይህን ከረጢት ክንፍ ይሉታል። ሱቅ ውስጥ ልብሱና ክንፉ የተለያየ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ብዙ ሰውም በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ምክንያት ይገዛቸዋል። ውሃ ውስጥ ግን አይነጣጠሉም። ልብሱ ያጎደለውን ክንፉ ይሞላል፤ ክንፉ ምን ያህል መሆን እንዳለበት የሚወስነውም ልብሱ ነው። የዚህ ምዕራፍ አንድ ሐሳብ ይኸው ነው፤ ቀሪው ሁሉ ማብራሪያው ነው።

ባዶ ጀሪካን

በሰሜን ወሎ ከሐራ እስከ መርሳ፣ ከወልድያ እስከ ጊራና፣ ከወንዝ ወይም ከቦኖ ውሃ ቀድቶ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን እናስብ። ክዳኑን ግጥም አድርገን ዘግተን፣ ባዶውን፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ለመድፈቅ ብንሞክር እጃችንን ይገፋል። ሙሉ በሙሉ ለማጥለቅ ሰውነታችንን ጭምር መጫን ሊኖርብን ይችላል። የሚገፋን ኃይል መጠኑ ይታወቃል፤ ጀሪካኑ ከቦታው ያስለቀቀው ውሃ ክብደት ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። የጀሪካኑ ፕላስቲክ አንድ ኪሎ ያህል ቢሆን፣ 19 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል ማለት ነው። ይህን ሕግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የሰራኩሱ አርኪሜዲስ አስቀምጦታል። ለእኛ የሚጠቅመን አጭር ቅርጹ ይህ ነው፦ ውሃ ውስጥ አንድ ሊትር አየር አንድ ኪሎ ያነሳል።

አሁን ክዳኑን እናውልቀው። ጀሪካኑን አፉን ወደ ታች ደፍተን፣ አየሩ ውስጡ እንደታፈነ፣ ወደ ባሕር ጥልቀት እናውርደው። ምዕራፍ 2 ላይ እንዳየነው፣ በባሕር ወለል ላይ አየር በ1 ባር ይጫነናል፤ ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ ባር ያህል ይጨመራል። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ስለሆነ የጀሪካኑ አየር በግማሽ ይጨመቃል። 20 ሊትር የነበረው 10 ሊትር ይሆናል፤ የቀረውን ቦታ ውሃ ይይዘዋል። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ አየሩ ወደ 5 ሊትር ይወርዳል። ላይ 19 ኪሎ ይገፋ የነበረው ጀሪካን፣ አንድ አረፋ እንኳ ሳያመልጠው፣ ታች 4 ኪሎ ያህል ብቻ ይገፋል።

መመለሻው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጀሪካኑ ከ30 ሜትር ወደ ላይ ሲመጣ አየሩ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ የበለጠ ያነሳል፤ የበለጠ ሲያነሳ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ የበለጠ ይለጠጣል። ጠላቂው የለበሰው ልብስና የታጠቀው ክንፍ ሁለቱም አየር ይዘዋልና ይህ ሁሉ ይደርስባቸዋል። ሲወርድ በየሜትሩ ይከብዳል፤ ሲወጣ በየሜትሩ ይቀላል። ሚዛኑን ካልጠበቀ መስመጡም መንሳፈፉም ራሱን በራሱ እያባባሰ ይሄዳል።

ዋሻ ውስጥ ስህተቱ ለምን ይከፋል

ጣሪያ በሌለው ውሃ ሚዛኑን የሳተ ጠላቂ ወደ ላይ ቢንሳፈፍ የሚጠብቀው አየርና ሰማይ ነው። በፍጥነት መውጣት አደገኛ ቢሆንም ቢያንስ ይተነፍሳል። ዋሻ ውስጥ የሚጠብቀው ድንጋይ ነው። ጣሪያው ላይ የተለጠፈ ጠላቂ ሲሊንደሩ ከዐለት ጋር ይፋጫል፤ ቫልቩ ተንከባሎ ሊዘጋ ይችላል፤ የትንፋሹ አረፋም ከጣሪያው አፈር ያራግፍበታል።

ወለሉም ወዳጅ አይደለም። የብዙ ዋሻዎች ወለል ለረጅም ዘመን ረግቶ የተቀመጠ ደቃቅ ደለል ነው። ጠላቂው ትንሽ ከብዶ እግሩ ወደ ታች ቢያዘነብል፣ የመቅዘፊያ ጫማው አንዴ ሲመታ ደለሉ እንደ ጭስ ይነሳል። ከአፍታ በፊት እስከ ሩቅ ግድግዳ ያሳይ የነበረው ባትሪ ፊት ለፊቱ ቡናማ ግርዶሽ ብቻ ያበራል። መዳፉን መነጽሩ ላይ ቢያስጠጋ እንኳ አያየውም። ከዚህ በኋላ መውጫውን የሚያሳየው በጣቱ የሚዳስሰው የመመሪያ ገመድ ብቻ ነው። ደለሉ እስኪረጋ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ የጠላቂው አየር ግን የሚቆየው በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ ነው።

የእንግሊዝ የዋሻ ጥልቂያ ታሪክም የተጀመረው ከዚሁ ችግር ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በእንግሊዝ ሶመርሴት፣ ዉኪ ሆል በተባለው ዋሻ፣ ግራሃም ባልኮምና ጃክ ሼፓርድ የናስ ራስ ቁር ደፍተው፣ ከባድ ጫማ ተጫምተው ገቡ። ያ መሣሪያ ሰውን ወለል ላይ የሚያስኬድ ነበር፤ በተራመዱ ቁጥር ጭቃው ይነሳል። ከዚያ ወዲህ በዋሻ ጥልቂያ የመጣው ትልቁ ለውጥ ሰውን ከወለሉ አንስቶ፣ ከጣሪያው አርቆ፣ በመካከል አግድም እንዲንሳፈፍ ማስቻሉ ነው።

ይህን ለውጥ በብዛት ያመጡት የሰሜን ፍሎሪዳ የዋሻ ጠላቂዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 ግሬግ ፍላናጋን ከጀርባ የሚታሰር ጠፍጣፋ ብረት ሠራ፤ ዊልያም ሆጋርት ሜይን ደግሞ አሻሻለው። ብረቱ ጀርባ ላይ ይቀመጣል፤ በላዩ ክንፉ፣ በክንፉ ላይ ሲሊንደሮቹ ይታሰራሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። እንደ ጃኬት ደረትንና ጎንን የሚያቅፈው የተለመደው መንሳፈፊያ ሰውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ላይ ላዩን ለመንሳፈፍ ጥሩ ነው። ክንፉ ግን አየሩ ሁሉ ከጀርባ ስለሆነ ሰውን በሆዱ አስተኝቶ ያንሳፍፋል። አግድም የተኛ ጠላቂ እግሩ ወለሉን አይነካም፤ ውሃውንም በጠባብ ገጽታ ስለሚሰነጥቅ ብዙም አይደክምም።

እ.ኤ.አ. በ2018 በታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ አሥራ ሁለት ልጆችና አሠልጣኛቸው በጎርፍ ተከብበው በቀሩ ጊዜም ጉዳዩ ይኸው ነበር። ያወጧቸው ጠላቂዎች ልጆቹን የጠላቂ ልብስና የመንሳፈፊያ ጃኬት አለበሷቸው፣ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ጭምብል አጠለቁላቸው፣ ጀርባቸው ላይ መያዣ አሰሩላቸው፣ ሲሊንደሩንም ከፊት አደረጉት። መድኃኒት ተወግተው የተኙ ልጆች በጎርፍ ውስጥ በእጅ እየተጎተቱ እንዲያልፉ፣ ሙቀታቸውም ሚዛናቸውም በሌላ ሰው ተጠብቆላቸው መሄድ ነበረባቸው።

መጀመሪያ የሚመረጠው ልብሱ ነው

ውሃ የሰውን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ በፈጠነ ሁኔታ ይወስዳል። ለዚህ ነው ለአየር የሚስማማ የሙቀት መጠን ውሃ ውስጥ ቶሎ የሚያንቀጠቅጠው። የበረደው ጠላቂ ጣቱ ይደነዝዛል፤ ቫልቭ ማዞር፣ ገመድ መቋጠር፣ ባትሪ መቀየር ያቅተዋል። አየር ይፈጃል። ሐሳቡም ይዘገያል። በመውጫው ላይ ሰውነቱ ሲበርድ ደግሞ በደሙና በሥጋው የተሟሟው ናይትሮጅን በአግባቡ አይወጣም፤ ምዕራፍ 3 ላይ ያየነው የግፊት መቀነስ ሕመም ዕድሉ ይጨምራል።

የዋሻ ውሃ ሙቀት ለመገመት አያስቸግርም። ከመሬት በታች የቀንና የሌሊት፣ የበጋና የክረምት ልዩነት ስለሚደበዝዝ፣ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢውን የዓመት አማካይ ሙቀት ይይዛል። የሰሜን ፍሎሪዳ ምንጮች ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ናቸው። በሜክሲኮ ዩካታን ያሉት ወደ 25 ይጠጋሉ። በደቡብ ፈረንሳይ ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ይገኛል። ስለዚህ ልብስ ሲመረጥ ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ውሃው ስንት ዲግሪ ነው? ስንት ሰዓት ውስጡ እቆያለሁ? በሞቃት ባሕር ግማሽ ሰዓት የሚበቃ ልብስ፣ በዚያው ሙቀት ዋሻ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ለሚቆይ ሰው አይበቃም።

ልብሶቹ በሁለት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው እርጥብ ልብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የካሊፎርኒያው የፊዚክስ ሊቅ ሂዩ ብራድነር ያመጣው ሐሳብ ነው። ኒዮፕሪን ከሚባል፣ በውስጡ እጅግ ብዙ ደቃቅ የጋዝ አረፋ ካለው ጎማ ይሠራል። ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሰውነትን የሚያሞቀው ግን በአረፋዎቹ ውስጥ የታፈነው ጋዝ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ብልሽቱ ጥቂት ነው፣ ለመዋኘትም ያመቻል። ድክመቱ እንደ ጀሪካኑ አየር መጨመቁ ነው። ላይ 7 ሚሊ ሜትር የነበረው ውፍረት በ30 ሜትር ጥልቀት እጅግ ይሳሳል። ማሞቁም ማንሳፈፉም አብረው ይቀንሳሉ። ጠላቂው ይበልጥ ሙቀት በሚያስፈልገው ቦታ ልብሱ ስስ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ደረቅ ልብስ ነው። አንገቱና የእጅ አንጓው ጥብቅ ማኅተም አለው፤ ውሃ አይገባም። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከስስ ድርብርብ ጨርቅ ስለሆነ ጨርቁ ራሱ አያሞቅም፤ የሚያሞቀው ከውስጥ የሚለበሰው ወፍራም ልብስና በውስጡ ያለው አየር ነው። ደረቱ ላይ አየር ማስገቢያ ቁልፍ፣ ክንዱ ላይ ማስወጫ ቫልቭ አለው። ጠላቂው ሲወርድ አየር ይጨምራል፤ ስለዚህ ልብሱ በ30 ሜትርም ቢሆን ውፍረቱን ይጠብቃል። የሚፈልገው ጥንቃቄ ሌላ ነው። በልብሱ ውስጥ ያለው አየር ተንቀሳቃሽ ነው፤ ራስ ዝቅ ሲል ወደ እግር ይሸሻል። ብዙ አየር የሞላበት ሰው እግሩ ወደ ላይ ተገልብጦ ጣሪያ ላይ ሊቀር ይችላል። በዚህ ምክንያት ደረቅ ልብስ ሳይሠለጥኑበት ወደ ዋሻ የሚገባበት ልብስ አይደለም።

ለቀዝቃዛ ወይም ለረጅም ጥልቂያ ደረቁ፣ ለሞቃትና ለአጭሩ እርጥቡ ይመረጣል። ይህ ውሳኔ ሲያልቅ የክንፉም ግማሽ ውሳኔ አልቋል።

ሲገባ ከባድ፣ ሲወጣ ቀላል

ጠላቂ ሚዛኑን የሚያበላሹ ሁለት ለውጦች አሉበት። አንዱን አይተናል፤ ጥልቀት ልብሱን ይጨምቀዋል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው፤ አየር ይመዝናል።

አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ያህል ነው። የዋሻ ጠላቂ በጀርባው ሁለት ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር ይዞ፣ እያንዳንዳቸው በ200 ባር ተሞልተው ቢገባ፣ የያዘው አየር 4,800 ሊትር ነው። ክብደቱ ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል። ይህን አየር እየተነፈሰ በአረፋ መልክ ሲለቀው ሲሊንደሩ በዚያው ልክ ይቀላል። በሦስት እጅ ሕግ የተመለሰ ጠላቂ 4 ኪሎ ያህል ቀልሎ ይወጣል፤ የችግር ጊዜውን እጅ የነካ ደግሞ ከዚያም በላይ። ሚዛን የሚሠራው ደግሞ ለክፉው ቀን ነው። አየሩ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ መውጫው አጠገብ፣ በጥቂት ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ የግፊት መቀነሻ ጊዜውን የሚጠብቅ ሰው ረግቶ መቆየት አለበት። ያኔ ወደ ላይ ቢወሰድ የጠበቀው ጊዜ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። ጠላቂያችን በባሕር ወለል ከፍታ ላይ፣ ውስጡ 6 ሊትር ጋዝ የያዘ እርጥብ ልብስ ለብሷል እንበል። የእርሳስ ክብደቱን ያስተካከለው ሲሊንደሩ ባዶ ሊሆን ሲቃረብ፣ ላይኛው ውሃ ላይ ክንፉ ባዶ ሆኖ፣ ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ እንዲቆም ነው። አሁን ሲሊንደሩ ሞልቶ ወደ 30 ሜትር ይወርዳል። ከሞላው አየር 6 ኪሎ ይከብዳል። የልብሱ ጋዝ ከ6 ሊትር ወደ 1.5 ሊትር ስለተጨመቀ ሌላ 4.5 ኪሎ ማንሳፈፊያ ያጣል። ድምሩ 10.5 ኪሎ ነው። ክንፉ ይህን ማንሳት አለበት።

ላይስ? ጥልቂያው ሳይጀመር ልብሱ አልተጨመቀም፤ ግን ጠላቂው ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ አውጥቶ ማውራትና ዙሪያውን ማየት ይፈልጋል። ከውሃ የወጣ ጭንቅላት የሚያነሳው ውሃ የለም፤ ወደ 5 ኪሎ ይጨምራል። ከሙሉ ሲሊንደሩ 6 ኪሎ ጋር 11 ኪሎ ይሆናል። ሁለቱ ጭነቶች በአንድ ጊዜ አይመጡም፤ ስለዚህ አይደመሩም። ትልቁን ወስደን መጠነኛ ትርፍ ስንጨምርበት 15 ኪሎ አካባቢ እንደርሳለን። የባትሪና የተጨማሪ ሲሊንደር ጭነት ሲታከል ለሁለት ሲሊንደር የሚሠሩ ክንፎች አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 27 ኪሎ የሚያነሱት፣ ለአንድ ሲሊንደር የሚሠሩት ደግሞ ከ13 እስከ 18 የሚያነሱት ለዚህ ነው።

ያው ጠላቂ ደረቅ ልብስ ቢለብስ ሒሳቡ ይለወጣል። ልብሱን በየጥልቀቱ አየር እየሞላ ስለሚሄድ 4.5 ኪሎው አይጠፋም። ነገር ግን ማኅተሙ ቢቀደድና ልብሱ ውሃ ቢሞላ፣ በውስጡ የነበረው አየር ሁሉ ያነሳ የነበረውን ክንፉ መተካት ይኖርበታል። ወፍራም የውስጥ ልብስ ለሚለብስ ሰው ይህ ቀላል መጠን አይደለም። ስለዚህ በደረቅ ልብስ ክንፉ የሚለካው በዕለት ተዕለቱ ሥራ ሳይሆን በልብሱ መቀደድ ነው።

ትልቅ ክንፍ ሁልጊዜ አይሻልም

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይመጣል። 15 ኪሎ የሚበቃ ከሆነ 40 ኪሎ የሚያነሳ ቢገዛ ምን ይጎዳል? ይጎዳል። ትልቅ ክንፍ በትንሽ አየር ሲሞላ ልሙጥ ሆኖ አይወጠርም፤ ይጨማደዳል። አየሩ በእጥፋቶቹ ውስጥ እየተደበቀ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ትከሻ ይሄዳል። ጠላቂው ለማስተንፈስ ሲሞክር አየሩ ማስወጫው ጋ አይደርስም። ጫፎቹም በሲሊንደሩ ዙሪያ እየተርገበገቡ ውሃ ይገፋሉ፣ በጠባብ ማለፊያም ዐለት ይይዛቸዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ማስገቢያው ተጣብቆ አየር መልቀቁን ቢቀጥል ነው። ትንሹ ክንፍ ሞልቶ ትርፉን በደኅንነት ቫልቩ ሲያስወጣ፣ ትልቁ ሰውን በ40 ኪሎ ኃይል ጣሪያ ላይ ይለጥፈዋል።

የክንፉ ቅርጽም በሲሊንደሩ ይወሰናል። ለአንድ ሲሊንደር ጠባቡ፣ ጀርባ ላይ ለሚታሰሩ ሁለት ሲሊንደሮች ሰፊው ያስፈልጋል። ሲሊንደሮቹን በሁለት ጎኑ አንጠልጥሎ በዝቅተኛ ማለፊያ የሚያልፍ ሰው ደግሞ ከወገብ በኩል የሚያነሳ፣ ሰውነት ላይ የሚለጠፍ ክንፍ ይፈልጋል። ይህ አሠራር የተጀመረው በእንግሊዝ ጠባብና ውሃ የሞላባቸው ዋሻዎች ውስጥ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ክንፉ ቢቀደድስ የሚለው ነው። በቀጭን እርጥብ ልብስ ከባድ የብረት ሲሊንደሮችን የያዘ ሰው ክንፉ ቢበሳ ሌላ የሚያነሳው ነገር የለውም፤ እየዋኘ ሊያነሳ የሚችለው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። ሦስት መፍትሔዎች አሉ። አንዱ ቀለል ያለ የአሉሚኒየም ሲሊንደር መያዝ ነው። ሁለተኛው ውስጡ ሁለት ከረጢት ያለው ክንፍ ነው። ሦስተኛው ደረቅ ልብስ ነው፤ ቢያንስ ወደ መውጫው እስኪደረስ በአየሩ ሊያንሳፍፍ ይችላል። ልብስና ክንፍ አብረው ይመረጡ የሚባለው በዚህም ምክንያት ነው። አንዱ ሲከዳ ሌላው ይተካል፤ መተካት መቻሉ ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

መሣሪያው ምንም ያህል ቢስማማ ሥራውን የሚሠራው እጅና ትንፋሽ ነው። በግራ ትከሻ በኩል የሚወርደው ሸንተረራማ ቱቦ ጫፉ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉት፤ አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል። ልምድ ያለው ጠላቂ 25 ሜትር ላይ ሲደርስ ማስገቢያውን ለቅጽበት ነካ አድርጎ ይለቃል። ከዚያ ይጠብቃል። አየሩ ገብቶ ሰውነቱ እስኪታዘዝ ጥቂት ሰከንድ ያልፋል። ጀማሪው ሳይጠብቅ ደግሞ ይጫናል፤ በሁለት ጊዜ የገባው አየር አብሮ ሲያነሳው ወደ ላይ ይወስደዋል። የቀረችው ትንሽ ልዩነት በሳንባ ትስተካከላለች። ሙሉ ትንፋሽ ሲሳብ ሰውነት ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፤ ሲወጣ ዝቅ ይላል። ጎበዝ የዋሻ ጠላቂ ከወለል በላይ ያለችውን ቁመት የሚጠብቀው ቁልፍ ሳይነካ ነው።

ከሐራ ወደ ሐይቅ

ሰሜን ወሎ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ባዛልት ደግሞ ውሃ የሚያሟሟው ድንጋይ አይደለም። ሰፊ የውሃ ዋሻዎች የሚቦረቦሩት በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። በባሌ ወይብ ወንዝ አቋርጦት የሚያልፈውና ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ሶፍ ዑመር ለዚህ ምስክር ነው። ሆኖም የዋሻ ጠላቂ ሥልጠናውን የሚጀምረው ዋሻ ውስጥ ገብቶ አይደለም። ሚዛን መጠበቅ የሚለመደው ጣሪያ በሌለው ውሃ ነው። ከሐራ ተነስቶ በመርሳ፣ በውርጌሳና በውጫሌ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ደሴ ሳይደርስ የሚያገኘው፣ ስሙም ሐይቅ የሆነው ሐይቅ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ ነው። ይህን ውሃ በአእምሯችን መለኪያ እናድርገው፤ በባሕር የተማርነውን ሒሳብ የት የት እንደሚለውጠው ያሳየናል።

አንደኛ፣ ውሃው ጨው የለውም። የባሕር ውሃ ከጣፋጭ ውሃ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይከብዳል፤ ስለዚህ የበለጠ ያነሳል። ከነመሣሪያው 100 ኪሎ የሚሆን ሰው ከባሕር ወደ ሐይቅ ሲመጣ ከእርሳሱ ከ2 እስከ 3 ኪሎ መቀነስ አለበት። የዋሻ ውሃም አብዛኛው ጣፋጭ ነው።

ሁለተኛ፣ ሐይቅ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እዚያ አየሩ የሚጫነን በ0.8 ባር ገደማ ነው። ባሕር ላይ ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው 10 ሜትር ላይ ነበር፤ ሐይቅ ላይ ግን 8 ሜትር ላይ እጥፍ ይሆናል። ከባሕር ጠረፍ የመጣ የኒዮፕሪን ልብስም ከውሃው ዳር ሳለ፣ የውጩ ግፊት ስለቀነሰለት፣ ትንሽ አብጦ ይጠብቃል። ከዚያ ሲወርድ የሚጨመቀው ከዚያ ካበጠው መጠኑ ነው። በላይና በታች መካከል ያለው ልዩነት ከባሕሩ ይሰፋል። ክንፉ የሚሞላው ልዩነቱን ስለሆነ፣ በደጋ ሐይቅ የሚጠልቅ ሰው በባሕር መጠን የሠራውን ሒሳብ እንዳለ ይዞ መግባት የለበትም።

ሦስተኛው ከውሃ ከወጡ በኋላ ይመጣል። የመጥለቅ ሰንጠረዦች ከ300 ሜትር በላይ ላለ ከፍታ የተለየ ስሌት ይጠይቃሉ። ከሐይቅ ጠልቆ ወዲያው መኪና ላይ ወጥቶ ወደ ደሴ፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ የሚወጣ ሰው፣ በሰውነቱ ገና ናይትሮጅን ሳለ የውጩን ግፊት እንደገና ይቀንስበታል። ጥልቂያው አላለቀም ማለት ነው። የእረፍት ሰዓቱ ከመንገዱ በፊት መታሰብ አለበት።

ሁለት ፈተናዎች

መሣሪያ ተገዝቶ የሚታወቀው ውሃ ውስጥ ሲፈተን ነው፤ ፈተናውም በሁለቱ ጫፎች ላይ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ፈተና ቀላሉ ጫፍ ነው። ሲሊንደሩ ወደ 40 ባር ሲወርድ፣ 3 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ክንፉን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሶ መቆም። ጠላቂው ወደ ላይ ከተወሰደ ክብደቱ አንሷል፤ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ታች መቆየት አይችልም። ከሰመጠ ከሚያስፈልገው በላይ እርሳስ ይዟል፤ ያ ትርፍ እርሳስ ጥልቂያውን ሁሉ በክንፉ ተጨማሪ አየር ሲካስ ይኖራል። ተጨማሪው አየር ደግሞ እንደ ተደፋው ጀሪካን በየሜትሩ የሚለዋወጥ ነው። ከመጠን ያለፈ እርሳስ የሚያመጣው ችግር መክበድ ብቻ ሳይሆን አለመርጋትም ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከባዱ ጫፍ ነው። ሲሊንደሮቹ ሞልተው፣ ሙሉ መሣሪያ ታጥቆ፣ አስተማሪ ባለበት ጣሪያ በሌለው ውሃ፣ ክንፉ በቀላሉ ያነሳዋል ወይ? ክንፉ የለም ብሎ ቢያስብ በደረቅ ልብሱ፣ በሁለተኛው ከረጢት ወይም በእግሩ ብርታት ሊነሳ ይችላል ወይ? ደረቅ ልብሱ ውሃ ቢሞላ ክንፉ ብቻውን ይበቃዋል ወይ? ለአንዱ እንኳ መልሱ አይችልም ከሆነ የሚለወጠው መሣሪያው ነው፤ በጉልበት ወይም በድፍረት የሚሸፈን አይደለም።

ከዋሻ ጥልቂያ ታላላቅ ስሞች አንዱ የሆነው ሼክ ኤክስሊ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መመሪያ የሌሎችን ሞት አንድ በአንድ መርምሮ ያሳየው፣ ብዙዎቹ አደጋዎች የተፈጠሩት በዋሻው ጨካኝነት ሳይሆን አስቀድሞ ሊደረግ የሚችል ነገር ባለመደረጉ እንደነበር ነው። ገመድ አለመዘርጋት፣ አየር አለመክፈል፣ ከልክ በላይ መጥለቅ። ልብስና ክንፍም ከዚሁ ተራ ናቸው። ውሳኔያቸው የሚያልቀው ደረቅ መሬት ላይ፣ በእርሳስና በወረቀት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አያስፈልግም። የውሃውን ሙቀትና የቆይታውን ሰዓት እወቁ፤ ልብሱን በዚያ ምረጡ። ልብሱ በጥልቀት ምን ያህል እንደሚያጎድል፣ አየሩ ምን ያህል እንደሚመዝን አስሉ፤ ክንፉን በዚያ ልክ ውሰዱ። የቦታውን ከፍታና የውሃውን ጨው አስተካክሉ። ከዚያ ሁለቱን ፈተናዎች እስክታልፉ ድረስ ጣሪያ በሌለው ውሃ ቆዩ። ክፍት ውሃ ላይ ለአምስት ደቂቃ ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ መቆም ያልቻለ ሰው፣ የሚቀጥለው ምዕራፍ የሚያወራበትን የመመሪያ ገመድ ለመዘርጋት ገና እጁ ነፃ አልሆነም።